ፓራፋንጎ

ቱሪን በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት
ቦርጎ ሳን ፓኦሎ፣ ከአንድ ጓሮ ጋራዥ ቆምኩ፤ ቋንቋ የለኝ።
ኦሬስቴ የሚሉት ሽማግሌ «ምን ታውቃለህ?» አለኝ በአገጩ።
በተጨራመተችው መኪና ላይ ጣቴን እየሰደድኩ ቆጠርኩለት፦
ላሜራ። ኮፈን። ፓራፋንጎ። ስቱኮ።
ደረቴን መትቼ ደግሞ፦ «ባትላሜራ!»

እስኪያስለው ሳቀ።
የሰፈሬ ቃል ነው ብዬ የያዝኩት ሁሉ ለካ የእሱ ኖሯል፤
ሶማሌ ተራ ወርዶ፣ ሲቀጠቀጥ ከርሞ፣
ጠርዙ ታጥፎ፣ ቀለም ተቀብቶ የኛ የሆነ።

የቀረውን በእጅ ተግባባን።
ምክሩን እንዳልረሳ ቤት እያስመታሁ ያዝኩት፤
መምታት መቼም ሥራችን ነው።

*ከጉድጓዱ አትጀምር፣ ዙሪያውን ጎብኘው፤*
*የጎደለውን ያጎደለው ያበጠው ነው።*

*በጉልበት የመታ ላሜራ ያሰፋል፤*
*የሰፋ ላሜራ ወዴት ይታጠፋል?*

*መዶሻህ ከውጭ፣ ድጋፍህ ከውስጥ፤*
*ጆሮህን ከመሀል ለድምፁ አስቀምጥ።*

*ነዳጁን ሳታወርድ፣ ባትሪ ሳትፈታ፣*
*እሳት አትለኩስ፣ ለቀልድም ላንድ አፍታ።*

ላሜራው ተለጥጦ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጧ ጧ ሲል
ሳንቲም የምታህል ቦታ በነበልባል ይነካል።
በርበሬ ስትመስል ዙሪያዋን ጠብ ጠብ፣
ከዚያ እርጥብ ጨርቅ። ጭስስ...
ብረቱ እንደ ተሰደበ ሰው ራሱን ይሰበስባል።
ዓይን ይሸነገላል ይላል ኦሬስቴ። መብራቱን አጥፍቶ
በስስ የጨርቅ ጓንት መዳፉን ያንሸራትታል፣
የፈረስ አንገት እንደሚዳብስ።

ስቱኮ አይወድም። እርሳስ ነው የሚያለሰልሰው፣
ዘይት በጠጣ የእንጨት ማንኪያ እየደመደመ፣ እንደ ለጋ ቅቤ።

አንድ የካቲት፣ ባለንብረቷ ቸኩላ፣
ኦሬስቴ ለዳቦ ወጣ ሲል
ሞረዱን ትቼ ዲስኩን አስነሳሁ፤
ጭምብሌ ከግድግዳው ሚስማር ላይ እያየኝ።
ግራጫ ዱቄት በፀሐዩ ውስጥ ተንሳፈፈ። አማረኝ እንኳ።

ድንገት ዝም አለ ቤቱ። ሶኬቱን ነቅሎ ቆሟል።
አልተቆጣም። ካፖርቱን ሳያወልቅ በትራም ይዞኝ ሄደ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ፌሊቼ ቤት።
አርባ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ አብረው መትተዋል።
የፌሊቼ እጅ ከአንጓው ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ውሃ እንዳጣ ቅጠል፤
ሚስቱ የሸሚዙን ቁልፍ ትቆልፍለት ነበር።
«በዚያን ጊዜ ጭምብል የፈሪ ነበር» አለ ፌሊቼ፣ እየሳቀ።
ኦሬስቴ መስኮቱን ያያል።

ስንመለስ አንድም ቃል አልተናገረ። የመጨረሻዋን ቤት ብቻዬን መታሁ፦

*እርሳስ በሞረድ እንጂ በዲስክ አይላጥም፤*
*አንዴ ካፍንጫ ዘልቆ በሳል አይመለጥም።*

ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን። ቱታዬን ለብቻው አጠብኩ።

ባለንብረቷ መጣች በሳምንቱ።
ፓራፋንጎውን ዞረች፣ ጎነበሰች፣ በጥፍሯ ነካች፦
«ይህን ሁሉ ብር ምን ሠርታችሁበት ነው? ምንም አይታይም እኮ!»
ኦሬስቴ ወደኔ ዞሮ በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ።

ከቧንቧው ሄድኩ። ውሃው በረዶ ነው።
ጥፍሬን በቡርሽ ፈተግኩ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
ዳቦው በወረቀት ተጠቅልሎ ይጠብቃል።
ሦስተኛ።