ዝግ ነን

ቨርና ከማዶ ቤት እየሮጠች መጣች፣
ከነጸጉር ጥቅልሏ በሬን በረገደች፤
«ዌንደል፣ አልሰማህም? መንግሥት ተዘጋ» አለች።
ሚስማር እየቆጠርሁ ቀና ብዬ አየኋት፣
«ክፍት ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው በዚህ መንገድ ስኖር፣
መንግሥት ከሱቄ ደጅ የታየኝ ሁለቴ ነበር፤
አንዴ ግብር ሊወስድ፣
አንዴ የረሳትን ሳንቲም ፍለጋ ሲወርድ።
ማዘጋጃ ቤቱም ለቅሶ እንደ ደረሰ፣
በሩን ጠርቅሞ ዘግቶ አብሮ አለቀሰ።

ኦሃዮ ነው አገሩ፣ ኑና መንገዱን እዩት፤
ባንክ የነበረው ዛሬ የንቅሳት ቤት፣
ሲኒማው ጣሪያ የለው፣ ትኬትም አይጠይቅ፣
ነጻ ትርኢት ያሳያል መብረቅ ሲያብረቀርቅ።
የብረት ፋብሪካው ርግብ ገብቶበታል፣
ከሁሉ ሠራተኛ እርሱ ብቻ ተርፏል።
ከንቲባችን ግን ሰሌዳ ሰቅለዋል፦
«እያደገች ያለች ከተማ» ይላል።
እውነት ነው፣ ያድጋል፤
ሣሩ በእግረኛው መንገድ ስንጥቅ ጉልበቴን አልፏል።

ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ ጉድጓድ አለ፣
ሦስት ከንቲባ አልፎ እርሱ የቀጠለ።
አንደኛው ፎቶውን ተነሣ ከዳሩ፣
ሁለተኛው ኮሚቴ አቆመ፣ ስለ ጥልቀቱ ሊማከሩ፣
ሦስተኛው ዙሪያውን ቢጫ ቀባና
«የጎዳና ጥበብ» አለው በምስጋና።
የፖስተኛውን ጎማ፣ የቨርናን ተረከዝ በልቶ አልጠገበም፤
ልደቱን በየሰኔው ማክበር አንረሳም፣
ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ሻማ፣ ኬኩ ላይ አልበቃም።

አያቴ ከስሎቫክ መንደር በመርከብ ሲመጣ፣
በበሩ ነው የገባ፣ ጥርሱን አስቆጥሮ፣ ወረቀት ሲያወጣ።
የኔም አቋም ይኸው፣ ማንን እፈራለሁ?
ቤት በር ይኑረው፣ በሩም ቁልፍ እላለሁ፤
ላንኳኳው እንግዳ ወንበር እስባለሁ፣
በመስኮት የዘለለን ግን «ስምህ ማነው?» እላለሁ።
ማሪጎልድ፣ የቨርና ልጅ፣ ከኮሌጅ የመጣች፣
«ድንበር ሐሳብ ብቻ ነው» ስትል ትውላለች፤
ብስክሌቷን ግን በሦስት ሰንሰለት ታስራለች።

ኤሌውቴሪዮ ደግሞ፣ የሆንዱራስ ግንበኛ፣
አሥራ አንድ ዓመት ቆሟል በር ላይ፣ እንደ ምጽዋተኛ።
ፎቶ ሦስቴ ተነሣ ለአንዲት ማመልከቻ፣
ጸጉሩ ከፎቶ ፎቶ ሸሽቶ ቀረ ግንባር ብቻ።
ሐሙስ ቀጠሮው ደረሰ፤
ክራባት አሥሮ፣ ሽቶ ነስንሶ ገሠገሠ፣
በሩ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አንብቦ ተመለሰ፦
«ዝግ ነን።»
እንዲህ ያለ ዘበኛ ማነው የቀጠረው?
አጥሩን ክፍት ትቶ በሩን የቆለፈው?

ወደኔ መጣና «ሲሚንቶ፣ አራት ከረጢት» አለ፣
«እጄ ሥራ ሲፈታ ያሳክከኛል» እያለ።
ክራባቱን ወደ ትከሻው ጣለ፤
ኮሚቴው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልቻለ
በሁለት ሰዓት ተኩል ተደፍኖ ዋለ።
ቨርና የሎሚ ኬክ ይዛ ወጣች፣ መኪና ሳይነጥር አለፈ፣
ሰውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሳደብ አረፈ።
እውነቱን ልናገር?
ደስ የሚል ወር ነበር።

በሠላሳ አራተኛው ቀን ሬዲዮው «ተከፈተ» ሲል ጮኸ።
በማግስቱ ደብዳቤ፣ ማኅተሙ ገና ያልደረቀ፦
«ያለ ፈቃድ የሕዝብ ጉድጓድ ደፍናችሁ በመገኘታችሁ፣
አራት መቶ ሰማንያ ዶላር ተጣለባችሁ።»
ሰኞ ሁለት መኪና፣ ሰባት ሠራተኛ፤
አንዱ ይቆፍራል፣ ስድስቱ እረኛ።
«ለምርመራ ናሙና» ብለው ነቀሉት፣
ናሙናው ሙሉው ነው፣ ጭነው ወሰዱት።

መንግሥት ተከፈተ፤
ጉድጓዱም ተከፈተ።

ኤሌውቴሪዮ ቀጠሮ ደረሰው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፤
ጸጉሩ እስከዚያ ይቆይ እንደሆን አናውቅለት።
ቨርና ትናንት ብቅ አለች፣
ሃያኛውን ሻማ ፈለገች።
ሸጥኩላት፤
ከነግብሩ።