የድልድይ ከፋቹ መዝገብ

ሮተርዳም፣ ወንዝ ዳር፣ ከውሃው በላይ
ቁጭ ብዬ እውላለሁ፣ መርከብ ከሩቅ ሳይ።
መርከቡ ሲጠጋ አንድ ቁልፍ እነካለሁ፤
ደወል ይደወላል፣ መንገድ እዘጋለሁ።
አግዳሚው ዝቅ ሲል፣ ድልድዩ ሲነሣ
ከንቲባም ይቆማል፣ ነጋዴም ከነዓሣ።
መብራቴ አይጠይቅም፦ «የማን ነህ? ከየት ነህ?
ይህን የመሰለ መኪና ከየት አገኘህ?»

ሥራዬን ጨርሼ ወደ ቤት ስነዳ
በተወለድኩበት ሰፈር እሆናለሁ እንግዳ።
በዚህ ከተማ ውስጥ መኪና የሚያቆም
ቀይ ብቻ አይደለም፤
ጥቁርም ያስቆማል።

ዘንድሮ ሰባቴ። በሰባተኛው ለት
ዝናብ ያካፋ ነበር፤ ረቡዕ ነው፣ ሌሊት።
ፖሊሱን ለምጄዋለሁ፤ ሄርበን ነው ስሙ፤
ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ አይፈላም ደሙ።
«ጌታዬ» ይለኛል፣ «ይቅርታ» ይላል፤
ባትሪው ግን ወንበሬን ይበረብራል።
«ምን አጠፋሁ?» አልኩት።
«ምንም።»
«ታዲያ ለምን?»
«ሕጉ ፈቅዶልኛል፣ እንዳየሁት እንድወስን።»
ወረቀት ሰጠኝ። «ምክንያት» ከሚለው ጎን
«መደበኛ ፍተሻ» ብሎ ሞልቶታል ባዶውን።

ከፊቴ አንድ ቮልቮ፣ መብራቱ የተሰበረ፣
አንድ ነጭ ሽማግሌ ይነዳው ነበረ፤
በእጁ አሳለፈው፣ በፈገግታ ሸኘው፤
እኔ ላይ ሲደርስ ነው ሕጉን ያገኘው።
ምሕረትና ሕጉ ያሉት በአንድ ኪስ ነው፤
የቱ እንደሚወጣ ፊቴ ነው የሚወስነው።

አባቴ የኩራሳው ሰው፣ የወደብ ሠራተኛ፣
መንጃ ፈቃድ ሳወጣ መከረኝ እንደ ዳኛ፦
«ሩድሰል፣ እጅህን ከመሪው አታንሣ፤
ቁጣህን ዋጠውና ቤት ስትደርስ አግሳ።»

ትናንት፣ ምሽት ሁለት ሰዓት፣ አሸዋ የጫነች
አንዲት ጀልባ መጣች፣ ቀስ ብላ አለፈች።
ካሜራውን ባየው፣ ከአግዳሚው ፊት
ሄርበን ከነመኪናው፤ ዝናብ በመስታወት።
ድልድዩ ወረደ፣ መንገዱ ገጠመ፤
ሌባ ጣቴ ቁልፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።
መመሪያው ይፈቅዳል፦ «ጠባቂው ሲያምንበት
ጥቂት ሰከንድ ይቆይ» ይላል፣ «ባለበት።»

አሥር ቆጠርኩ። ሃያ። ጣፈጠኝ፤ አልዋሽም፤
እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር መቼም።
ሠላሳ። ሄርበን ሰዓቱን ያየዋል።
አርባ። ማን እንደያዘው ማን ይነግረዋል?

ከኋላው ግን አንዲት ሴት፣ በብስክሌት፣
ልጇን ከፊት አስቀምጣ፣ ዝናቡ እየመታት፤
የሕፃኑ ኮፍያ ውሃ ያንጠባጥባል፤
እጁን ወደ እኔ ቤት ያውለበልባል።

አረንጓዴ።
አለፉ።

መዝገቡን ከፈትኩት። «መዘግየት፦ ሃምሳ ሰከንድ።
ምክንያት፦» ይላል ቀጥሎ። እዚህ ላይ ዛለ ክንድ።
የሄርበን ቃል ነች ቀድማ የመጣችልኝ፤
«መደበኛ» ብዬ ጻፍኩ።
እንደ ተለካ ልብስ ልክክ አለችብኝ።