ወሽመጥ ስንቆርጥ

ጭጋጉ ተገፎ፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣
ባሕሩ ረግቶ፣ መስሎ የታጠበ ሰማይ፣
አያቴን ሰልቢን ከፊት አስቀምጬ፣
እኔ ከኋላው ላይ መቅዘፊያ ጨብጬ፣
ወጣን።

ቢጫዋን ካያኬን በጫማው እየነካ፣
«ጀልባ ያልሽኝ፣ ማርዲ፣ የሙዝ ልጣጭ ነው ለካ!
አርባ ዓመት በሙሉ ኮድ ዓሣ ሳጠምድ
ኖሬ ኖሬ ዛሬ በፕላስቲክ ልሂድ?»

ዋና አያውቅም ሰልቢ። አባቱም አያውቅም ነበር።
የኒውፋውንድላንድ ዓሣ አጥማጅ ከጡት እስከ መቃብር
ውሃ ላይ እየኖረ ዋና አይማርም፤
«ባሕር ከፈለገሽ አንቺን አያማክርም፣
መንፈራገጥ ደግሞ ነገር ማስረዘም ነው» ይላል።
ይላል እንጂ፣ የሕይወት ጃኬቱን ሳስርለት
አገጩን ቀና አድርጎ፣ እንደ ሕፃን፣ ዝም አለልኝ።

ከገደሉ ጥግ ላይ ወፎች ተኮልኩለው፣
ምንቃራቸውን ልጅ በከለር የቀባው መስለው፣
አዩን፤ ናቁንና ፊታቸውን አዞሩ።
ከሥራችን ጄሊፊሽ፣ ብርሃን የጠጣ፣
ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሲሄድ ሲመጣ፤
ከሩቅ፣ ከሰሜን የወረደ አንድ የበረዶ ተራራ፣
ሐምሌ መግባቱን ያልሰማ፣ ብቻውን የሚያበራ።

አያቴ አይቀዝፍም። መቅዘፊያው መጠቆሚያው ነው፦
«እዚያ ድንጋይ ሥር ሎብስተር እንደ ጉድ ነበር፤
እዚያ የአክስቴ ልጅ ኤልድሬድ፣ በጥር፣
እዚያ...» አለና ተወው።
መሐል ወሽመጥ ደርሰን ነበር።

«አቁሚ» አለኝ።
ውሃ ላይ ማቆም የለም። ተንሳፈፍን።

«ዐሥር ዓመቴ ነበር። መንግሥት ደብዳቤ ላከ፤
ሐኪም የላችሁ፣ መንገድ የላችሁ፣ ልቀቁ ብሎ።
አባቴ ቤቱን አልተወም፤ ይዞት ሄደ አንጠልጥሎ።
በባዶ በርሜሎች ዙሪያውን ጠፍሮ፣
ባለ ፎቁን ቤት በገመድ አሥሮ፣
ስድስት ጀልባ ጎተተው። በዚሁ፣ አሁን ባለንበት።
መጋረጃው እንደተሰቀለ፣ ድመቷ መስኮት ላይ ተቀምጣበት።
እኔ ከኋላ፣ በታንኳ፣
የገዛ ቤቴ ከፊቴ ሲሸሽ አየሁ፤
ብቀዝፍ ብቀዝፍ አልደርስበት አልሁ።»

ይህን ወሽመጥ መቁረጥ ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጀው፤
የሱ ወሽመጥ ግን ያን ቀን ነው የተቆረጠው።

ስኪፈርስ ሆል ደረስን። መንደር የለም።
የመሠረት ድንጋይ፣ የዘመመ የመቃብር አጥር፣
ከአጥሩ ወዲህ ሩባርብ፣ ባለቤት ያጣ፣
እናቱ የተከለችው፣ ቤቱ ሲሄድ ሥሩ ቀርቶ
በየሐምሌው የሚመጣ።

«ጉልበቴ» ብሎ አልወርድም አለ። ጉልበቱ አልነበረም።
«አንድ አገዳ ስበሪልኝ።»
ጥሬውን ነከሰው። ፊቱ ተጨማደደ፤
ከኮምጣጣው ይሁን ከሌላ፣ እንባው ዱብ ዱብ ወረደ።

«ወዲያ ማዶ ቤቱን ሲተክሉት
አዙረው ተከሉት፣ በሩን ወደ ኮረብታ፤
እናቴ እስክትሞት ድረስ ባሕር ፍለጋ
የጓዳ መስኮት ትከፍት ነበር ማታ ማታ።»

ስንመለስ ነፋሱ ከኋላችን ነበር።
ያኔ ነው ሰልቢ መቅዘፍ የጀመረው።
ምቱ ከኔ አይገጥም፤ መቅዘፊያችን ይጋጫል፣
በረዶ የመሰለ ውሃ ፊቴ ላይ ይረጫል።
«አያቴ፣ ኧረ ቀስ! ማን ያሳድደናል?»

ዞር አላለም። ብርቱካንማው ጃኬት ሥር
ትከሻው ብቻ ይወጣል፣ ይወርዳል።
«ዝም ብለሽ ቅዘፊ» አለኝ። «ከባድ ነው።
ቤት እየጎተትሁ ነው።»