ራስ ያለው ብቻ

ነሐሴ እኛ ዘንድ የብርድ ጭራ ነው፤
ሣሩ ውሃ አዝሏል፣ ቦቲ ይውጣል ጭቃው።
ከደቡብ ባሕር ላይ ሲገሠግሥ ነፋስ
በጎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ እስኪያልፍ ድረስ።

ሮይማታ መጣች፣ የዩኒቨርሲቲ ልጅ፣
አካፋ በትከሻ፣ ነጭ ትሪ በእጅ።
«ስሜ በማኦሪ እንባ ማለት ነው» አለች፤
ይህን እንዳለችኝ ሳቀችና ቆፈረች።

ሃያ ሳንቲ በሃያ፣ ጥልቁም እንዲያው ሃያ፣
ዳር ዳሩን ለካችው ደግማ በማስመሪያ፤
እንደ ትኩስ ዳቦ በጣቷ ፈርፍራ
ትል ትለቅም ጀመር አንድ፣ ሁለት ቆጥራ።

እኔ ከአጥሩ ማዶ ሽቦ ተደግፌ
ሳቁን ዋጥ አድርጎ ዝም ብሏል አፌ።
ስልሳ ዓመት በግ አረባሁ በዚህች ኮረብታ፤
ለኖራ ከፍያለሁ፣ ለማዳበሪያ፣ ያለ ፋታ።
ለትል ግን አንዲት ሳንቲም ከኪሴ አልወጣም፤
ማንም አልቀጠረው፣ ሒሳብ ደብተሬም ላይ አልገባም።

«እዚህ» አለች፣ «ሠላሳ አንድ። ከጅረቱ ማዶ ሁለት።»
ማዶውም ያው ኮረብታ፣ ያው ዝናብ የሚወርድበት፤
ግን የሞተው ሥር ተደራርቦ እንደ አሮጌ ምንጣፍ
ሳይበሰብስ ይከርማል፣ ውሃ አያሳልፍ።

ሰው ሲራገም «አፈር ብላ!» ይላል፤
ትል እርግማኑን ሰምቶ እሺ ብሎ ይበላል፤
ከፊቱ ጠጣር፣
ከኋላው ልም አፈር።

ካርታ ዘረጋች በፒክአፑ ኮፈን ላይ፣
ጫፉን በድንጋይ ይዛ ነፋስ እንዳይወስደው፤
በእርሳስ የተሣሉ ክቦች ነበሩ፣ አንዱ ከአንዱ የተነካካ።
«በዚህ ብርድ ትል በዓመት አራት ሜትር ቢሄድ ነው» ትላለች፤
ከዳር ወደ መሐል፣ ወደ ኋላ ቆጠረች።
«እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም አንድ ሰው አፈር ከነሣሩ
ተክሏል፣ ሚስተር ማክራይ። ሰባ ዓመት ይሆናል ነገሩ።»

አባቴ ነው።
ፋርኳር ማክራይ፣ ከወንዝ ዳር መስክ
አፈር ከነሣሩ እየቆረጠ
በጋሪ ጭኖ ሽቅብ የሚወጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፤
መንደሩ «ወደ አፈር አፈር ይሸከማል» እያለ የሚስቅበት።
እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፣ የፈረሷን ልጓም ያዥ፤
ሰው በመጣ ቁጥር ልጓሙን ለቅቄ
የማላውቀው ይመስል በአጥሩ ጥግ እሄዳለሁ።
እሱ አፈር ጫነ፤
እኔ አፈርሁ።

«ታዲያ ለምን አቆመ?» አለች፣
ጣቷን ጅረቱ ላይ አሳርፋ።
ፈረሷ ሞተች አልኋት።
ፈረሷ የሞተችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።
አንድ ቅዳሜ «አልሄድም» አልሁት፤
አየኝ፣ ባርኔጣውን አስተካከለ፣ ምንም አልተናገረም፤
ጋሪው ጋጣው ጥግ ቆሞ ዶሮ ዕንቁላል ጣለችበት።

ትሪው ላይ አካፋ የቆረጠው ነበር አንድ፣
ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ፣ ሲጣመም በብርድ።
«ይህስ እንዴት ይቆጠራል?» አልኋት።
«ራስ ያለው ብቻ» አለች፤
ጅራቱን ወደ ጉድጓዱ መለሰች።

አባቴ ሲቀበር ፓስተሩ ያሉትን ረስቼዋለሁ፤
ጣሪያው ላይ በረዶ ይንኳኳ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ።
«አፈሩ ይቅለለው» ማለት ግን፣
ለካ ቃል ብቻ አይደለም፣
ሠራተኛ ያለው ሥራ ነው፤
ሌሊት ሌሊት፣ ያለ ደመወዝ።

ሮይማታ ከሄደች በኋላ፣ ሲመሽ፣
አካፋ አነሣሁ። ሃያ በሃያ፣ በግምት፣
ማስመሪያ የለኝም።
ቁራጩን በመኖ ባልዲ አድርጌ ጅረቱን ተሻገርሁ፤
ጉልበቴ አጉረመረመ፣ ውሃው ቦቲዬ ውስጥ ገባ።

የጎረቤቴ ልጅ በትራክተር ሲያልፍ
ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ
«ምንድን ነው የተሸከሙት?» አለኝ።

አጥሩ ቅርብ ነበር። አልተጠጋሁትም።

«አፈር» አልሁት።