የኩሬው መዝገብ

ከቢሮው ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣
ጠረጴዛ አለኝ፣ ሦስት የእንጨት፣ አንድ የጡብ እግር።
ሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ጻፍኩኝ፣
የዱምካን ሰው ብሶት፣ ገጹን ባምስት ሩፒ፣ ቀለም አለበስኩኝ።

ፉልማኒ ሄምብሮም በጧቱ አውቶቡስ መጣች፣
ብድር እንደሚጠይቅ ሰው ከወንበሩ ጠርዝ ተቀመጠች።
«ጻፍልኝ» አለችኝ፣ «ለምን ይበሉኛል?
ኩሬ ቆፍሬያለሁ፤ ያሥራ ስምንት ቀን ላብ ሜዳ ቀርቶብኛል።
ለምን ሹሙ ዋሸ? ለምን ደሞዜ የለም?
ለምን ድኻ ሲጮህ ጆሮ የለው ዓለም?»

ብዕሬን አስቀመጥኩ።
«ስሚኝማ እህቴ፣ "ለምን" አይጻፍም፤
ለቢሮ ሰው ከ"ለምን" የሰፋ ማምለጫ በር የለም።
"ለምን" ያልሽ እንደሆን "እናጣራለን" ነው መልሱ፣
አንቺ ስትመላለሺ ጫማሽ ያልቃል፤ አይነካም የነሱ።
ሕጉ ምክንያት አያወጣ፤ የሚያወጣልሽ
ከመደርደሪያው ያለ ወረቀት ነው፤ እሱን ልጻፍልሽ።
"የሥራ መዝገቡ ቅጂ ይሰጠኝ።" የትኛው ኩሬ ነው?
ከመቼ እስከ መቼ? ሰፊ ጥያቄ ለሰፊ ሰበብ ነው።»

«ከባሃ በዓል ማግስት» አለች ሳታመነታ።
«ወረቀት አታሞ አይሰማም፤ ቀኑን በቁጥር፣ ወሩን በተርታ።»
ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፤ ከፍየሏ መሞት፣
ከጎረቤት ልጅ መወለድ ተነሥታ፤
ማርች አሥራ ሁለት ላይ ደረስን። ጻፍኩት።

«ያሥር ሩፒ ሐዋላ አባሪ አድርጊበት፣
ሁለት ቅጂ ያዢ፤ አንዱን ስጪ፣ ባንዱ ማኅተም አስመቺበት።
"ነገ ነይ" ቢሉሽ አትነሺ ከደጁ፣
ማኅተም ሳታዪ ወረቀትሽን አትተዪው ከእጁ።
ሠላሳ ቀን ቁጠሪ። ዝም ካሉሽም ግድ የለም፤
ይግባኝ አለ፤ በሕጉ ፊት ዝምታም መልስ እንጂ ዝም አይደለም።»

አውራ ጣቷን ከቀለሙ ነክራ አተመች፤
ቀለሙን በኒም ቅጠል ጠርጋ ሄደች።

ሠላሳው ቀን አለፈ።
አንድ ሰው በሞተር ብስክሌት ደጇ ድረስ መጣ፣
«ሳሪውን ውሰጂ፤ ማመልከቻሽ ይቅር» አላት፣ ሳይቆጣ።
«ቀለሙን አልወደድኩትም» ብላ መለሰችው።
ይህን ስትነግረኝ እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ይግባኝ ጻፍን። በሰባ አንደኛው ቀን ወጣ፤ ሃያ ስድስት ገጽ።
ጸሐፊው «ለገጹ ሁለት ሁለት ሩፒ አምጪ» አላት፣
«ቀኑ አልፏል፤ በነፃ ነው» አለች፣ ያስጠናኋትን ሳትስት።

ማንበብ አትችልም፤ እኔ አነበብኩላት።
ስሟ ላይ «አሥራ ስምንት ቀን፣ ተከፍሏል» ይላል፤ ደገምኩላት።
ካሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ጣቴ ቆመብኝ፣
እንዴት ብዬ ላንብበው፤ አንደበቴ ከዳኝ።
«ሱፋል ባስኬ፣ አርባ ቀን ቆፍሯል፣ ገንዘቡን ወስዷል።»
ሱፋል ባሏ ነው። ከሞተ ሁለት ክረምት አልፏል።

አላለቀሰችም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረችው፤
ከስሙ ጎን ያለውን የጣት አሻራ ደጋግማ አየችው።
«ይሄ የሱ አይደለም። ሱፋል መፈረም ይችል ነበር፤
ከማታ ትምህርት ቤት ነው የተማረው፤ ምላሱን ነክሶ
ስሙን እስኪጨርስ አንድ ትልም የማረስ ያህል ይቆይ ነበር።
ከዚያ ወዲህ ግን፣ በርሃብም በዕዳም፣
ለማንም ብሎ አውራ ጣቱን ቀለም አላስነካም።»

ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ፦
«አሁንስ "ለምን" ማለት ይቻላል?»
«አይቻልም» አልኳት፤ ድምፄ ግን ሻክሯል።
«ወደ ጣቱ ባለቤት የሚያደርስ ወረቀት እንጠይቃለን፤ የክፍያ ሰነዱን፣
ያጸደቀውን ኃላፊ ስም፣ ብሩ ከባንክ የወጣበትን ቀኑን።»

ጻፍኩ። ሐዋላ፣ ሁለት ቅጂ፣ ሌላ ሠላሳ ቀን።
አምስት ሩፒዋን «ይቅርብኝ» ብዬ ብገፋላት፣
ጎንበስ ብላ ከጡቡ ሥር ሸጎጠችው፤ አውቶቡሱ ጡሩምባ እየነፋላት።

ጠረጴዛዬ ያን ቀን ከሰዓት
ስጽፍበት አልተንገዳገደም።