የምዝገባ ቅጽ፣ ገጽ አራት

የመነጽር ቤት ሠራተኛ ነኝ፣
ደቃቅ ፊደል የማይሸሸኝ።
የሰው አገጭ አስደግፌ፣ “የታችኛውን መስመር” ስል ነው የምውለው፤
ዛሬ ግን የወረቀት ግርጌ ነው እኔን አስደግፎ ያነበበው።

ጥር ነው፣ ቶሮንቶ ላይ፤ በረዶው ከመንገድ ዳር ጠቁሯል፣
የጀርመን ትምህርት ቤቱ ቅጽ ከጨው ዕቃው ሥር ተዘርግቷል፦
የዓመት ክፍያ በአንድ ልጅ፣ ዐሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ፤
የሕንፃው መዋጮ ለብቻ፤ ምሳና አውቶቡስ ተትቶ፤
ሁለተኛ ልጅ ካለ፣ ከመቶ ዐሥር ይቀነሳል፤
ማመልከቻው ሁለት መቶ፤ “የማይመለስ” የሚል ይከተላል።

“የማይመለስ” ስል፣ አባቴ ከመነጽሩ በላይ አየኝ፣
“እሱንስ እኔ ከፍያለሁ” አለና ዝም አሰኘኝ።
አምስት ዓመት ሃለ ከተማ፣ ስለ ስኳር ሲማር ኖሮ፣
ቋንቋው ከአፉ ሟሙቷል፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል፣ ተቋጥሮ።
ብር ሲቆጥር በጀርመንኛ ነው፣ ጣቱን በምራቅ አርሶ፣
ሃያ አንድን “አንድ እና ሃያ” ብሎ፣ ጭራውን ራስ ላይ መልሶ።

“የሰፈሩ ትምህርት ቤት በነፃ ነው” ይላል ባሌ፣ ቀስ ብሎ፣
የአባቴን ጆሮ ፈርቶ፣ በማቀዝቀዣው ድምፅ ተከልሎ።
እውነቱን ነው። ቅርብ ነው፤ መንሸራተቻም አለው፣ ቀይ፤
ግን ሽማግሌ በገዛ ቤቱ፣ ማንም በማይመልስለት ቋንቋ ሲቆጥር ሳይ…

መንታ ናቸው፤ ያኔትና ኢዮስያስ።
እሱ በሰባት ደቂቃ ያንሳል፤ ቅናሹም ለእሱ ይደርሳል።
“ቅናሽ!” ትለዋለች እህቱ፤ ማን እንደነገራት እንጃ፣ ለካ ግድግዳው ይሰማል።

ሌሊቱን ደመርኩ፤ የኔን ደመወዝ፣ የባሌን የሊፍት ጥገና ትርፍ ሰዓት፣
የአባቴን ጡረታ (“ይግባ” ብሏል)፣ ዕቁቡን፣ በመጋቢት ከወጣልን ምናልባት።
መኪናው ዘንድሮን ከተሻገረ፣ ለአንድ ልጅ ይበቃል።
ለአንድ ተኩልም ይበቃል።
ለሁለት?

ይሄ አማርኛ ክፉ ቀልደኛ ነው፤ ለሁለት ነገር አንድ ቃል፤
ገንዘብ የቆጠረም “ከፈለ”፣ ዳቦ የገመሰም “ከፈለ” ይባላል።
አንዱን ብልክ፣ ከፈልኩ። ማንን ከማን?
ስልክ ላይ በእንግሊዝኛ “እከፍላለሁ” ስል፣ ይህን ከየት ትስማ ፍራው ሊንደማን?

ቅዳሜ ለፈተና ሄድን፤ በመንገድ ባቡር፣ ጓንታቸው በክር ተንጠልጥሎ።
ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ሹራቧ ላይ ቀበሮ ተጠልፏል፣ ጅራቱን ጠቅልሎ።
“አንድ በአንድ ይግቡ” አለች። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችልኝ።
“እስከ ዐሥር ቁጠሪልኝ።”
“አይንስ” አለች ያኔት። ዝም። “ድራይ።” ዝም። “ፊውንፍ።” ዝም።
ባዶውን ወንበር በጣቷ እየነካች፤ የጠፋባትም አይመስልም።
ኢዮስያስ ገባ። “ጽቫይ።” ዝም። “ፊር።” ዝም። “ዜክስ።”
እህቱን በበሩ ስንጥቅ ይፈልጋል፣ አንገቱ እስኪጠመዘዝ ድረስ።

ያኔ ገባኝ። አባቴ ማታ ማታ ደረጃውን ሲያስወጣቸው፣
አንዱን ደረጃ ለእሷ፣ አንዱን ለእሱ ነው የሰጣቸው።
ቁጥሩስ ሙሉ ነው፤ የተቀመጠው ግን ሁለት አፍ ላይ ነው።

ሴትዮዋ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አጥፍታ አንድ ነገር ጻፈች፤
ደቃቅ ነው፣ ለእኔ ተገልብጧል። ሥራዋ ማስነበብ የሆነች ሴት፣ ያን ጊዜ ዓይኗን ሰበረች።

ማታ። ገጽ አራት። አባቴ ደጋግሞ ይጠይቀኛል፦
“እስከ ስንት ነው ቀኑ?” “እስከ አንድ እና ሃያ።” ፈገግ ይላል።
ልጆቹ ላይ ቤት አልተኙም፤ ግድግዳው ዛሬ ወደኛ ያወራል፤
አንድ ድምፅ፣ ሌላ ድምፅ። አንድ ድምፅ፣ ሌላ ድምፅ።
ዘጠኝን አለች። ዐሥር የእሱ ነው፤ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ያስባል።

እስክሪብቶው እጄ ውስጥ ሞቋል።
ከግርጌ አንድ መስመር አለ፣ ባዶ፦
የከፋይ ስም።