አንድ ተጋቢኖ፣ ለሁለት

ኮዬ ፈጬ ላይ፣ አስፋልቱ ካለቀበት ወዲያ ማዶ፣
ዲንቄ ላስቲክ ቤት ገባን፣ ሆዳችን እንደ ጭራሮ ነዶ።
ከንጋት ፌሮ ስናስር አርፍደን፣ እኔና ሶርሳ፣
ለሁለት አንድ ተጋቢኖ፤ ይኸው ነው የኛ ምሳ።

ሸክላው እየተንተከተከ መጣ፣ እየዘለለ፣ እየተፋ፣
ቃሪያዋ ከጎን ተጋድማ፣ እንፋሎቱ ፊታችን ላይ ሲሰፋ።
«ትንሽ ይብረድ» ማለት ለጠገበ ሰው ነው፤
የመጀመሪያውን ጉርሻ ከነእሳቱ ዋጥነው።
ምላሴ ተላጠ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።
በሕይወቴ እንዲህ የጣመኝ ነገር፣ እንጃ፣ ስንት ነበረ?

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ አንድም ቃል የለ በመሃል፣
ጣት ከጣት ይጋጫል እንጂ አፍ ለወሬ መች ይበቃል?
የቤት ኪራዩ፣ ፎርማኑ የቆረጠብን ግማሽ ቀን፣
እንደ ውሻ ደጅ ላይ ተኝቶ ጠበቀን።

ከዚያ፣ የቱ ጉርሻ ላይ እንደሆነ አላውቅም፣
ሽሮው ሽሮ ሆነ። እንደ ቅድሙ አይደንቅም።
ያው ዘይት፣ ያው ሸክላ፣ ያው የዲንቄ እጅ፣ ያው ጨው፤
የተለወጠው ሆዴ ነው።
ሶርሳ ስለ ወንድሙ ሞተር ወሬ ጀመረ፤ እኔም ቀና አልኩ ከምሳ፣
ከብሎኬቱ ክምር ጀርባ፣ የተረፈች አንዲት የጤፍ ማሳ፣
ነፋስ ሲያስተኛት፣ ሲያነሳ።
ለካ እዚህ ነበረች! የራበው ዓይን አያይም።

እጄ ግን እንደ ሥራ ይሄዳል፤ ይቆርሳል፣ ይነክራል፣ ያነሳል፤
አፌ ይቀበላል እንጂ ምን እንደበላ ይረሳል።

ድንገት ሁለት እጅ ቆመ። ሸክላው ሊያልቅ ኖሯል፣
ከታች ያረረው ቅርፊት፣ አንድ ጉርሻ የማይሞላ፣ ቀርቷል።
ኧረ ይሄ ሆድ! ምራቄ ጢም አለ፣ ገና አሁን እንደተቀመጠ ሰው።
«ብላው» አልኩት። «አንተ ብላው።» «አባቴ ይሙት ጠግቤያለሁ።»
«እኔም» አልኩ። ዓይኑ እዚያው ነው፤ የኔም እዚያው እንዳለ አውቃለሁ።
ዲንቄ ከምድጃው ዞራ ሳቀች፣ «ኧረ ለድመቷ ልስጠው?»
ሶርሳ በጥፍሩ ፋቀ፣ ጠቀለለ፣ ሳላስበው አፌ ውስጥ ከተተው።
ይመራል፣ ቀዝቅዟል፣ ጨው ብቻ ነው፤ ከሁሉም እሱ ጣመኝ፣
ቶሎ እንዳይወርድ ስይዘው፣ መንጋጋዬን እስኪያመኝ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል፤ ሁለተኛ ከየት ይምጣ?
ሸክላው ተወልውሏል፤ ፎርማኑም ፊሽካውን ይዞ መጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አራተኛው ወለል፣ ሽቦ ስጠመዝዝ በጉጠት፣
የተላጠው ምላሴ አገኘ፣ ከጥርሴ ክፍተት፣
አንዲት ያረረች ፍርፋሪ። ለሶርሳ መች ነገርኩት፤
ሽቦዬን ትቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣
ጣሟን ቀስ ብዬ መጠጥኩት።